"ያለ ነው" እያልኩ የጠበቅኳቸው 5 ሰዓታት

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ። ጅማ ቤቴ ሆኜ ነው ምቀዳው፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማችሁ ይሆናል፣ ክረምት ነው ምን ይደረጋል። ባለፈው አንዷ እህታችን "እርጉዝ ነኝ፣ 8 ወሬ ነው፣ ማታ ማታ ሆዴ ይጠነክርና ይቆርጠኛል፣ ሰው ሁሉ ያለ ነው ይለኛል፣ መቼ ነው ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ" ብላ ፃፈችልኝ። መልሱን መፃፍ ጀምሬ ተውኩት፣ እኔ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ በአፌ ልንገራችሁ ብዬ።

በመጀመሪያ ልጄ 31 ሳምንት ላይ ነበርኩ። ከመርካቶ አስቤዛ ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ ሆዴ በአንዴ ድርቅ አለ፣ ከዛ ለቀቀኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያዘኝ። ደንግጬ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። መረመሩኝ፣ የልጁን የልብ ምት ሰሙ፣ የውሸት ምጥ ነው፣ ሂጂ ውሃ ጠጪ እረፍት አድርጊ ተባልኩ። እውነትም ነበር። ማህፀን እንደ መለማመድ የሚያደርገው ነው፣ ብራክስተን ሂክስ ይሉታል፣ በፈረንጆቹ 1872 ስለሱ በፃፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ስም ነው። ሥርዓት የለውም፣ አንዴ በ10 ደቂቃ አንዴ በ40 ደቂቃ ይመጣል፣ እየባሰ አይሄድም፣ ሽንትሽን ስትሸኚ ውሃ ስትጠጪ ወይ በጎንሽ ጋደም ስትይ ይለቅሻል። እስከዚ ድረስ ጥሩ። ግን ስወጣ አንዷ "በትንሽ በትልቁ እየመጣችሁ ሥራ ታስፈቱናላችሁ" አለችኝ። የት እንደሆነ ማን እንደሆነች አልናገርም፣ ደክሟት ሊሆን ይችላል፣ ያ ቃል ግን ውስጤ ቀረ።

2 ሳምንት ቆይቶ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ወገቤን አመመኝ። ሆዴን አይደለም፣ ወገቤን፣ ከታች በኩል፣ እየመጣ እየሄደ፣ ልክ የወር አበባ ሊመጣ ሲል እንዳለው ዓይነት። ባለቤቴ ተነሺ እንሂድ ሲለኝ ተወኝ አሁን ያልፋል አልኩት፣ ውስጤ ግን ምን እያለ ነበር መሰላችሁ፣ ደግሞ ሄጄ ደግሞ ልመለስ? ያቺ ሴትዮ ብታየኝስ? አፈርኩ። በቃ ይሉኝታ ነው ያስቀመጠኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ እስከ ንጋት 12 ሰዓት። ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ሰምተው መጡ፣ በጣም ነው ምወዳቸው፣ ቡና አፍልተው ጤና አዳም ጣል አድርገው ጠጪ ልጄ ያረጋጋሻል አሉኝ። ጅማ ላይ ቡና ያለ ጤና አዳም ለብዙ ሰው ቡና አይመስለውም መቼም። ግን እርጉዞች ስሙኝ፣ ጤና አዳም ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል፣ በእርግዝና ጊዜ ይቅርባችሁ፣ ሆድ ማሳሸቱም እንደዛው።

ሄድን በመጨረሻ። ማህፀኔ መከፈት ጀምሯል። ምክንያቱ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፣ ሽንቴ ለቀናት ሲያቃጥለኝ እርግዝና ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አንቲባዮቲክ ጀመሩልኝ፣ ከዛ ለልጁ ሳንባ ተብሎ በየ12 ሰዓቱ መርፌ፣ በጠቅላላ 4። እኔን ያስለቀሰኝ የመርፌው ህመም አይደለም። አዋላጇ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፣ ይሄ መድኃኒት ያለጊዜው ሊወለድ የሚችል ልጅ ሳንባው ቶሎ እንዲዘጋጅ ይረዳዋል፣ ግን በደንብ እንዲሠራ ጊዜ ይፈልጋል፣ ወደ 2 ቀን፣ ስለዚ እናት ከመውለዷ በፊት በቶሎ በመጣች ቁጥር ለልጇ ሰዓት ታተርፍለታለች አለችኝ። እኔ አልጋዬ ላይ አፍሬ የተኛሁባቸው 5 ሰዓታት የሱ ሰዓታት ነበሩ ማለት ነው። ይሄን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል። ምጡ ቆመልኝ፣ ተመስገን፣ 38 ሳምንት ላይ በሰላም ተገላገልኩ፣ ግን ላይቆምም ይችል ነበር።

እዛው አጠገቤ ያለች እናት "አይዞሽ 7 ወር ይተርፋል 8 ወር ነው ማይተርፈው" አለችኝ። ይሄን ስንቶቻችን ነው እየሰማን ያደግነው። ትክክል አይደለም፣ ማህፀን ውስጥ የምትጨመር እያንዳንዷ ሳምንት ለልጁ ትጠቅመዋለች፣ 8 ወር ከ7 ወር ይሻላል።

እና ለፃፈችልኝ እህቴ፣ አዋላጇ የነገረችኝን ነው ምነግርሽ። 37 ሳምንት ካልሞላሽ፣ ሰዓት ይዘሽ ቁጠሪ፣ አንዱ ከጀመረበት ቀጣዩ እስኪጀምር፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ ከያዘሽ ወይ ደግሞ ባይበዛም ሥርዓት ይዞ እየተደጋገመ ከሄደ ሂጂ፣ ባያምሽም ሂጂ፣ ሆድ መጠንከሩ ብቻ ይበቃል። ወደ ታች የሚገፋ ዓይነት ስሜት ካለ፣ ፈሳሽሽ ከወትሮው ከተለየ፣ ያው።

ሳትቆጥሪ ምትሄጂባቸው ደግሞ አሉ፣ እነዚህ ላይ ውሃ ልጠጣ ልረፍ የለም። ደም ካየሽ። ሆድሽ እንደ ጣውላ ደርቆ ማይለቅ ህመም ካለ፣ ምክንያቱም እንግዴ ልጁ ቀድሞ እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል፣ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ውጪ ላይታይም ይችላል፣ ደም የለም ብለሽ እንዳትረጋጊ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ብዙዎቻችን ሽንት አመለጠኝ ብለን እናልፈዋለን፣ ንፁህ ሞዴስ አድርጊና እይው፣ እየረጠበ ከቀጠለ ሂጂ፣ አረንጓዴ ወይ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ሞዴስም አትጠብቂ። ትኩሳት ካለ፣ እኛ አካባቢ ወባም አለ፣ ወባ በእርጉዝ ላይ ከባድ ነው። ልጁ እንቅስቃሴው ከለመድሽው ከቀነሰ እስከ ነገ አትቆዪ፣ መውለጃው ሲደርስ ይቀንሳል የሚባለው ልክ አይደለም። ከዚ በፊት በኦፕሬሽን የወለድሽ ከሆነ ደግሞ ጠባሳው አካባቢ ህመም ሲሰማሽ ማንንም አታማክሪ፣ ተነስተሽ ሂጂ።

አንድ ግን በጣም የሚያሳስበኝ የጨጓራው ነገር ነው። ከጎድን አጥንት ሥር፣ በተለይ በቀኝ በኩል ወይ መሀል ላይ ሲያማት ሁላችንም ጨጓራ ነው እንላለን፣ ተልባ ጠጪ ምናምን። ከሱ ጋ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካለ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ ወደ መንቀጥቀጥ ነው ሚሄደው፣ እናትም ልጅም ያሳጣል። ግፊት መለካት 2 ደቂቃ አይፈጅም፣ የትም ጤና ጣቢያ ይለኩልሻል፣ እባክሽን ተለኪ።

ሌሊት ባትሽን ጭምድድ አድርጎ የሚይዝሽ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፣ እግርሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽን ወደ ራስሽ ሳቢ፣ ይለቃል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ ከቀላና ከሞቀ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አትታሺው፣ ወደ ሐኪም።

37 ሳምንት ካለፈሽ በኋላ ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ እያንዳንዱ ወደ 1 ደቂቃ እየቆየ ለ1 ሰዓት ከቀጠለ ጊዜሽ ደርሷል ይላሉ፣ ይሄ ግን ሆስፒታል አጠገቧ ላለች ለመጀመሪያ ወላጅ ነው። አንቺ 2ኛ 3ኛሽ ከሆነ ወይ ከገጠር ምትመጪ ከሆነ፣ ጭቃው መኪና በሚይዝበት በዚ ወቅት፣ 5 ደቂቃ እስኪሆን ከጠበቅሽ መንገድ ላይ ነው ምትወልጂው። ብዙ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ አለው፣ ቀኑ ሲቃረብ ገብተሽ መጠበቅ ትችያለሽ፣ ለክትትል ስትሄጂ የኛ ጋ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

እኔ ለ2ኛዋ ልጄ ምን አደረግኩ፣ ሰፈራችን ያለ አንድ የባጃጅ ልጅ አለ ጨዋ ነው፣ ሌሊት ብደውልልህ ትነሳለህ ወይ ብዬ በቀን ጠየቅኩት፣ እሺ እህቴ አለኝ፣ ስልክ ቁጥሩን በራችን ላይ ለጠፍኩት። 2 ጊዜ ወሰደኝ፣ አንዱን ምንም የለም ተብዬ ተመለስኩ፣ ሲመልሰኝ እንኳን ደህና ሆንሽ ነው ያለኝ።