መጀመሪያ ለሳሙና ይሁን

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣

በትምህርት ክፍሉ የምርምር ቀን የቀድሞ ተማሪ ሲጋበዝ አመስግኖ መውረድ እንዳለበት አውቃለሁ። ምስጋናዬ ከልብ ነው። ግን በሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ስሠራ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። ዛሬ ልተንፍሰው።

ከጤፍ ጭድ፣ ከስንዴ ገለባ፣ ከበቆሎ አገዳ ካርቦክሲሜትል ሴሉሎስ መሥራት፣ እኛ ሲኤምሲ የምንለውን ማለቴ ነው፣ ለዚህ ቤት አዲስ አይደለም። ጭዱን በካስቲክ ሶዳ ቀቅሎ ሊግኒኑን፣ ማለትም የጭዱን ክሮች አጣብቆ የያዘውን ነገር፣ ማስወጣት። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማንጣት። ሴሉሎሱን አልኮል ውስጥ እንደገና በካስቲክ አርሶ ከሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ ጋር ማዋሃድ። በቃ፣ ውሃ የማያሟሟው ጭድ ውሃ የሚያወፍር ዱቄት ይሆናል። ጀርመን ውስጥ ይህ የተሠራው በ1918 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ "ይቻላል" እያልን እስከ መቼ እናረጋግጣለን?

በቀደም አንዲት የማስተርስ ተማሪ የሲኤምሲ ናሙና ይዛ ፋብሪካችን መጣች። ትንሽ ብልቃጥ ነው፤ ውስጡ ጥጥ የመሰለ ነጭ ዱቄት። የግዢ ኃላፊያችን "ለምን ይሆናል?" አሏት። "ለክኒን ማያያዣ፣ ለአይስክሬም" አለች። "እኛ እኮ የምንሠራው ሳሙና ነው፣ የኔ ልጅ" ብለው ሳቁ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ልሸኛት አብሬያት ወጣሁና በር ላይ ስለ አሠራሩ ጠየቅኳት። በኢታኖል ደጋግማ አጥባዋለች። አልኮሉን መልሳ ታጣራው እንደሆነ ስጠይቃት፣ ይደፋል አለችኝ። ሒሳቡን እዚያው ቆመን ሠራነው። የአልኮሉ ዋጋ ብቻውን ከዱቄቱ ዋጋ በለጠ። "ታዲያ ለምን ይህን ያህል አጠብሽው?" አልኳት። "ንጽህናው ከ99 በመቶ ካልበለጠ ማን ያትምልኛል?" አለችኝ።

ወገኖቼ! ለዱቄት ሳሙና የሚገባው ሲኤምሲ እኮ ያ ያልታጠበው ነው! ከውህደቱ የተረፈው ጨውና ሶዲየም ግላይኮሌት አብሮት በጆንያ ይሸጣል። ንጽህናው 60 ወይም 70 በመቶ ቢሆን ማንም አይቆጣም፤ ሳሙናው ራሱ ሶዲየም ሰልፌት በሚባል መሙያ ጨው የተሞላ ነው። ቀለሙ ወደ ቢጫ ቢያደላም ግድ የለም። ሥራው አንድ ነው፦ ከልብሱ የለቀቀው እድፍ ተመልሶ ጥጡ ላይ እንዳይለጠፍ ማድረግ። ለዚህም ከሳሙናው ከመቶ አንድ እጅ አካባቢ ይበቃል።

እና እኛ ምን እናደርጋለን? ለመጽሔት ገምጋሚ እናጥባለን! ኤልሲ፣ ማለትም ከውጭ ለሚገባ ዕቃ የሚያስፈልገው የባንክ ክፍያ ዋስትና፣ አልተከፈተም ተብሎ ማሽን ሲቆም የመመረቂያ ጥራዞቻችን መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። የፋብሪካ ግዢ ክፍሎችም ቢሆኑ አይስቁ! በመርከብ ካልመጣ የማያምኑ፣ ናሙና ለመሞከር እንኳ አንድ ባልዲ ውሃ የማያዋጡ ናቸው። የራሴን መሥሪያ ቤት ጨምሬ ነው የምናገረው።

ሞኖክሎሮአሴቲክ አሲዱም ከውጭ ነው የሚመጣው ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። ግን ከአንድ ኪሎ አሲድ ከኪሎ በላይ ሲኤምሲ ይወጣል።

ስለ ጭዱ አንድ ነገር ልበል። የጤፉን ለከብቱና ለጭቃ ምርጊቱ ተዉለት፤ ገበሬው ዋጋውን ያውቃል። በኮምባይነር የሚታጨድ የአርሲና የባሌ ስንዴ አለ። የመተማና የሁመራ የሰሊጥ አገዳ አለ። ከቀቀላችሁ በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ውሃ የት እንደምታደርሱትም ከወዲሁ አስቡ፤ ወንዝ ውስጥ አይደፋም።

ያልታጠበ ናሙና ያላችሁ ሻይ ሰዓት ላይ አግኙኝ። የአሲዱን፣ የካስቲኩንና የአልኮሉን ሒሳብ በአንድ ገጽ ጻፉልኝ። እኔ ደግሞ በነጭ ጥጥ ጨርቅና በጥላሸት ፈትኜ ውጤቱን ለእናንተም ለግዢ ኃላፊያችንም እሰጣለሁ።

አመሰግናለሁ።