ምልክቱ የማን ነው? በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የቃኘው ሻለቃ የኮሪያ ዘማች አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን ሰዎች ምስጋናችን ይድረሳቸው። ቡናው እስኪፈላ ነው የማስቸግራችሁ።

የዓመቱ ሥራችን አጭር ነው። አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሁለት ጊዜ አጽድተናል። ለሦስት አባቶች መድኃኒት ገዝተናል። የድሮ ፎቶግራፎች መሰብሰብ ጀምረናል፤ አልጨረስንም። ሒሳቡን ገንዘብ ያዧ ታነብላችኋለች። ረጅም አይደለም፣ አትስጉ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ወደ በላን ነገር ልግባ። ስለ ክንድ ምልክቱ ነው።

ለአዲስ አባላት ልንገራችሁ። አባቶቻችን በ1943 ዓ.ም. ከደቡብ ኮሪያ ጎን ሊዋጉ ኮሪያ ሲደርሱ የተመደቡት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው። የክፍለ ጦሩ ምልክት ቀይ ክብ ነው። መሐሉ ላይ ሁለት ጥቁር ሰባት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ተገልብጦ። ሲገጥሙ የአሸዋ ሰዓት ይመስላሉ። መዳፍ የማይሞላ ጨርቅ ነው። አንድ አባት «ፊት በጭቃ ሲጠፋብን ክንድ ነበር የምናየው» ብለውኛል። ቃኘው ከ120 በላይ ልጆቹን አጥቶ፣ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጥ ነው የተመለሰው። ያ ጨርቅ ያለበትን ሰው ጥሎ መሄድ አልነበረም።

ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ፤ ኮሚኒስት መውጋት ወንጀል መሰለ። እናቴ የአባቴን ምልክት ከኮቱ ላይ በምላጭ ፈታችው። የት እንዳደረገችው እስክትሞት አልተናገረችም። ኮቱ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ግራ ክንዱ ላይ ቀለሙ ያልለቀቀ አንድ ክብ ቦታ አለ፤ ዙሪያውን የመርፌ ቀዳዳ። አባቴ ያንን ኮት ለብሶ ሲወጣ ቦታውን በቀኝ እጁ ሸፈን ያደርግ ነበር። እኔ ልጅ ስለነበርኩ በርዶት ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ አምና ወጣቶቻችን ይህንኑ ምልክት ቲሸርትና ኮፍያ ላይ አሳትመው መሸጥ ጀመሩ። ለማኅበሩ ገቢ ነው አሉ። ካዝናችንን የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። አባቶች ግን ተቆጡ። ሦስት ስብሰባ፣ ሁለት የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ደግሞ እዚህ የማልደግመው ስድብ። በአባቶች በኩልም ጥፋት አለ፤ በአባቱ የኮራ ልጅ ሌባ መባል አልነበረበትም። እኔም ሁለቱንም ወገን «እውነትህን ነው» እያልኩ ከረምኩ። ሊቀመንበር እንዲህ አይሆንም፣ አውቃለሁ።

ግንቦት ላይ አንድ አባታችን አረፉ። ምልክቱ ደረታቸው ላይ ተደርጎ እንዲቀበሩ ተናዘው ነበር። የራሳቸው ድሮ ጠፍቷል። ስልክ መደወል ጀመርኩ። «ኦርጅናሉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው» ብሎ ግሩፑ ላይ ሳምንት ሙሉ የተከራከረው ወንድማችን አላነሳም። ቲሸርት ሻጮቹም ቀብር አልመጡም። ከማኅበሩ አምስት ሰው ነበርን፣ አምስት! ድንኳን የተከለው፣ ሬሳውን የተሸከመው የሰፈሩ ዕድር ነው። ምልክቱን የሠራችልን አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸው ናት፤ ከፎቶ እያየች በአንድ ሌሊት ጠለፈችው። አንደኛው ሰባት ትንሽ ተጣሟል። ማንም አላጉረመረመም።

ወንድሜ፣ ዛሬም አልመጣህም። የሚቀርጽ ሰው ስላለ ይደርስሃል። ተቀይሜህ አይደለም። እሺ፣ ተቀይሜሃለሁ። ግን ና።

የሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ ይሄ ነው። ምልክቱ ከአባቶች ፈቃድ ውጪ አይሸጥ። መልበስ የሚፈልግ ልጅ ይልበስ፤ መጀመሪያ ግን በወር አንድ ቅዳሜ ከአንድ አባት ቤት ይሂድ። ስኳርና ቡና ይዞ ቢሄድ ደግሞ ጥሩ ነው። ያልተሸጡት ቲሸርቶች ካርቶን ያውና በሩ ጋ፤ ምን እንደምናደርጋቸው እናንተ ትወስናላችሁ። ውዝፍ መዋጮ ያለባችሁ ደግሞ ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ ይዛ መጥታለች፣ በጎን በር እንዳትወጡ።

እጅ ከማውጣታችን በፊት ከፊት የተቀመጡት አባታችን መናገር ይፈልጋሉ። ማይኩን ውሰዱላቸው። አባባ፣ አይነሱ፣ እዚያው ሆነው ይናገሩ።