ከበሩ ሥር የነበረው ኩሽኔታ

እሺ... እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ድንጋይ አይወራም ተባብለን ነበር፣ አውቃለሁ። «ድንጋይ የሌለበት ሳምንት» ብለን ስም ሁሉ አውጥተንለት። አልሆነም። ያ በር አልለቀቀኝም።

የትኛው በር እንደሆነማ ታውቃላችሁ። ፍሎሪዳ፣ ሆምስቴድ፣ ኮራል ካስል፤ «የኮራል ግንብ» እንደ ማለት፣ አንድ ሰው ብቻውን ከድንጋይ የሠራው ግቢ። ስሙን እንተወው፤ ድንጋዩ አብዛኛው ኮራል አይደለም። ኡላይት የሚባል የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ክብ ክብ እንክብሎች ተጣብቀው የተሠራ። ወደዚህ እመለሳለሁ። ካልረሳሁ።

በሩ ግን። 1986፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ መዞር አቆመ። 9 ቶን ይባላል፤ በአሜሪካኖቹ ቶን ስለሆነ በእኛ 8 ገደማ ነው። ቁመቱ 2.4 ሜትር። ልጅ በጣቱ ሲገፋው የሚዞር የነበረ ድንጋይ እኮ ነው። ስድስት ሰዎች መጡ፣ 50 ቶን የሚያነሳ ክሬን መጣ፣ አነሱት። ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ውስጥ የብረት ዘንግ፣ ከሥር ደግሞ... የአሮጌ ጭነት መኪና ኩሽኔታ። ዝጎ።

በቃ። ይኸው ነው።

ቆይ፣ እንደገና ልበለው፤ ምክንያቱም የሚያስጨንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ግቢውን የሠራው ኤድ ሊድስካልኒን በ1951 ሞቷል። ሰው ሁሉ «ምስጢሩን ይዞ ሄደ» ይላል። ማግኔት የሚል አለ፣ ሌላ ፍጥረት የሚል አለ። ድንጋዩ ብድግ ሲል ግን ከሥር የወጣው ጋራዥ ወለል ላይ የሚንከባለል ዕቃ ነው። እዚያ አጎንብሶ ያየው የመጀመሪያው ሰው ምን ተሰማው? አዘነ? ሳቀ? እኔ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

ደግሞ የጣቱ ነገር ተአምር አይደለም። አስሉት። የሚዞር ነገር ወደ ላይ አይነሳም፤ የምትታገሉት ሰበቃን ብቻ ነው። ንጹሕ ኩሽኔታ ላይ ሰበቃው ከክብደቱ 500ኛ እጅ ገደማ ነው፤ ከ8 ቶን 16 ኪሎ። እሱም የሚይዘው ዘንጉ አጠገብ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። እናንተ የምትገፉት ግን ከዘንጉ 90 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ጠርዙ ላይ። 16 ኪሎው አንድ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ይቀራል። ቀስ ብሎ ይጀምራል እንጂ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ደግሞ ማቆሙ ይብሳል፤ እግራችሁን ጠብቁ።

ከባዱ ኩሽኔታው ሳይሆን ቀዳዳው ነው። 2.4 ሜትር ድንጋይ፣ ቀጥ ብሎ፣ የክብደቱን እምብርት ሳይስት መብሳት። ኡላይት ውስጥ ባዶ ኪሶች አሉ፣ የቀንድ አውጣ ቅሪት አለ፤ መሰርሰሪያው ጠንካራውን ሸሽቶ ወደ ለስላሳው ይጋደማል። በበሩና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚባለው። ዘንጉ ከላይ እስከ ታች 6 ሚሊ ሜትር ቢያጋድል፣ ከአንድ ዲግሪ ሰባተኛ እጅ ነው ይሄ፣ በሩ ግድግዳውን ይልሳል። ባይልስ እንኳ በራሱ ወደ ዝቅተኛው ወገን ይዞርና እዚያው ይቆማል።

አንድ ሰው። ቁመቱ 1.5 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 45 ኪሎ። ከ1923 ጀምሮ እስኪሞት። ድንጋዩ ሁሉ ሲደመር 1,100 ቶን ይባላል፣ አንዱን ከአንዱ የሚያጣብቅ ምንም ቡኬት የለውም፤ ክብደቱ ነው የያዘው።

አዎ፣ አወጣጡ። እዚያ አገር አፈሩ ስስ ነው፤ ጫር ስታደርጉት ድንጋይ ነው። ዙሪያውን ቦይ ትቆፍራላችሁ፣ ከሥር ሽብልቅ በተርታ ትሰካላችሁ። አንዱን እስከ መጨረሻ መምታት አይደለም፤ ሁሉንም በየተራ ትንሽ ትንሽ፣ ድምፁ እስኪቀየር። የቸኮለ ሰው ድንጋዩን ለሁለት ይከፍለዋል። አዲስ የወጣ ኡላይት እርጥብ ነው፣ ለመሮ ይመቻል፤ አየር ሲመታው ይጠነክራል።

ከዚያ ማንሳት። አንዱ የግድግዳ ድንጋይ ቁመቱ 2.4፣ ወርዱ 1.2፣ ውፍረቱ 0.9 ሜትር። አምስት ቶን ተኩል ገደማ። 45 ኪሎ ሰው ሰንሰለት ላይ ቢንጠለጠል የሚስበው የገዛ ክብደቱን ነው፤ ስለዚህ 120 እጥፍ የሚያበዛ ማንሻ ያስፈልገዋል፣ ሰበቃውን ሳንቆጥር። ይህ ማለት ድንጋዩን አንድ ሜትር ለማንሳት 120 ሜትር ሰንሰለት መጎተት ነው። አንድ ስንዝር ታነሳላችሁ፣ እንጨት ትደግፉበታላችሁ፣ ትተነፍሳላችሁ። ሦስቱ ግንዶች ጫፋቸው ታስሮ የቆሙበት ፎቶግራፍ አለ። የእንደዚያ ዓይነቱ ማንሻ ጣጣ እግሮቹ መንሸራተታቸው ነው፤ ሸክሙ ከመሃል ትንሽ ከወጣ አንዱ እግር ይፈናጠራል።

ይህን ሁሉ ሌሊት፣ ሰው ሳያይ። ታዲያ ሌሊት ሲባል እኛ ምን ትዝ ይለናል? ላሊበላን ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ሲሉ ነው ያደግነው። የጨለማ ሥራ ጠዋት ላይ ተአምር ሆኖ ነው የሚገኘው መሰለኝ። ወይም... አይ፣ ይሄን አልጨርሰው። አያት የሰማች እንደሆን ትቆጣለች፣ ታውቋታላችሁ።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ጨረቃና ኮከብ የተቀረጹበት ላይ አትፍዘዙ። ማማው ሥር ያለው መሣሪያ ቤት ግቡ። ሰንሰለቱን እዩ፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታታውን ብረት እዩ። ኤድን ሲጠይቁት የክብደትንና የማንሻን ሕግ አውቃለሁ ይል ነበር ይባላል። መልሱን እኮ ሰጥቷል! ማንም አልፈለገውም እንጂ።

እና ያ ኩሽኔታ። ውሃ ከላይ በቀዳዳው ይወርዳል፣ ድንጋዩ ራሱ እርጥበት ይመጣል፣ ኩሽኔታው ከታች ተቀምጧል። ግራሶ ልቀባ ብትሉ መጀመሪያ 8 ቶን ማንሳት አለባችሁ። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? በመኪና ዕቃ የሚሠራ ሰው ኩሽኔታ እንደሚዝግ ያውቃል። ምናልባት እኔ እስካለሁ ይበቃል አለ። ምናልባት አላሰበውም። ከሞተ በኋላ 35 ዓመት እየዞረ ቆይቷል፣ ይሄም ቀላል አይደለም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ፣ የፈረንጆቹ ጁላይ፣ አዲስ ዘንግና አዲስ ኩሽኔታ ገብቶለት ተመለሰ። ክሬን ነበር፣ መሐንዲስ ነበር። በ2005 እንደገና ተበላሸ፣ እንደገና ተጠገነ። ይዞራል፤ ግን እንደ ድሮው አይቀልም ይላሉ።

እኔን ይሄ ነው... ምስጢር የለም ብለን ከሥሩ አውጥተን አየነው አይደል? የመኪና ዕቃ ነው አልን። ታዲያ የተሻለ ዕቃ አስገብተን ለምን...

ዘንጉ ትንሽ አጋድሎ ይሆናል። ቀዳዳው ሰፍቶም ይሆናል፤ ቅድም ያልኳት 6 ሚሊ ሜትር። ምናልባት ያቺ ብቻ ናት። እ... ቆይ ሰንሰለቱ ላይ ያሰላሁትን ቁጥር ደግሜ ልየው፣ 120 ነው ያልኩት? እሺ።