ክፍያው በነሐሴ፣ አፕዴቱ በመስከረም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መቀመጥ አይቻልም።

የዛሬው ነገር አፕ ለምትሠሩ ልጆች ቶሎ ይገባችኋል። ሁልጊዜ የምጠቀምበት አንድ ፕሮግራም አለ፣ ስሙን ልተወው፣ ክፍያው በዓመት ነው። ዓመቱ የሚሞላው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። አዲሱ ማክኦኤስ፣ ማለት የአፕል ኮምፒውተር የሚሠራበት ሲስተም፣ ደግሞ መቼ ነው የሚወጣው? መስከረም! ሴኮያ የሚባለው መስከረም 6 ቀን 2017 ወጣ፣ ቀጣዩ ታሆ መስከረም 5 ቀን 2018። እንቁጣጣሽን ጠብቀው የሚለቁልን ነው የሚመስለው። እና የዓመቱን ከፍዬ ገና ሳልጠቀምበት አዲሱ ሲስተም ይመጣል፣ ፕሮግራሙ እሱ ላይ አልከፍት ይላል፣ ድርጅቱን ስጠይቅ ደግሞ "እየሠራንበት ነው፣ እስከዚያ አፕግሬድ አታድርግ" ይሉኛል። እሺ፣ አላደርግም። ግን የከፈልኩበት ጊዜ እኮ እየቆጠረ ነው!

ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው። ቴሌብር እዚያ አያደርስም። ውጭ ያለች እህቴን ነው የማስቸግረው፣ "እቱ፣ ያቺ ነገር..." ብዬ ሳልጨርስ "ደሞ ደረሰ?" ትለኛለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በወራት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ድርጅቱ "ዋጋ አልጨመርንም" ይላል። እውነቱን ነው፣ በዶላር አልጨመረም።

"ታዲያ አሮጌው ሲስተም ላይ አትቀመጥም?" የሚል አይጠፋም። እስከ መቼ? በፈረንጆቹ ከሚያዝያ 24 ቀን 2025 ጀምሮ አፕ ስቶር ላይ የሚገባ አፕ በኤክስኮድ 16፣ ማለት በአፕል አፕ መሥሪያ ፕሮግራም፣ ወይም ከዚያ በላይ መሠራት አለበት ተባለ። ኤክስኮድ 16 ደግሞ ቢያንስ ከሴኮያ በፊት የነበረውን ማክኦኤስ፣ ሶኖማ 14.5ን ይፈልጋል። ይሄ እንግዲህ ለዲቨሎፐር፣ ማለት ለአፕ ሠሪ፣ አካውንቱ ለአፕል በዓመት 99 ዶላር ከተከፈለ በኋላ ነው። አፕል ወደ አዲሱ ና ይልሃል፣ የፕሮግራሙ ድርጅት ቆይ ይልሃል፣ ሁለቱም ያስከፍሉሃል።

ሁሉም እንደዚህ ነው ማለቴ አይደለም። ለዲቨሎፐር ፕሮግራም የሚሠራው ጄትብሬይንስ በፈረንጆቹ 2015 ወደ ሰብስክሪፕሽን፣ ማለት በየጊዜው ወደሚከፈል ክፍያ፣ ልግባ ሲል ዲቨሎፐሩ ተንጫጫ፣ እነሱም ሰሙ። አንድ ዓመት ሳታቋርጥ ከከፈልክ፣ ከዚያ ብታቆም እንኳ ዓመቱ ሲጀምር የነበረው ቨርዥን ለዘለቄታው ላንተ ይቀራል። ጨዋ አሠራር ነው፣ ሌሎቹም ቢቀዱት ደስ ይለኛል። ግን እሱም ቢሆን ከሲስተሙ አያድንህም፣ ምክንያቱም ያንተ የሆነው ቨርዥን የሚሠራው ነገ ጥለኸው የምትሄደው ሲስተም ላይ ነው። ካታሊና የሚባለው ማክኦኤስ በፈረንጆቹ 2019 ሲመጣ ባለ 32 ቢት የሚባለውን የድሮ ዓይነት ፕሮግራም በሙሉ መክፈት አቆመ። ላይሰንሱ እጅህ ላይ ነው፣ ሙሉውን ከፍለሃል፣ ግን አይከፍትም።

እኔን የሚያበሽቀኝ እነዚህ ድርጅቶች "ድንገት ሆነብን" የሚሉት ነገር ነው። የምን ድንገት? የማክኦኤስ ቤታ፣ ማለት የሙከራው ቨርዥን፣ እኮ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለዲቨሎፐር ይለቀቃል። ክረምቱን ሙሉ እጃቸው ላይ ነበር። ካልደረሰላቸው ደግሞ ግድ የለም፣ ሰው ናቸው፣ ብቻ የማይሠራበትን ወር ይጨምሩልኝ። ጂም እንኳ ለእድሳት ሲዘጋ የዘጋበትን ቀን ይቆጥርልሃል።

ይህንኑ ጽፌላቸው ነበር። መልሱ በጣም ትሁት ነው፣ በስሜ ጠርተው፣ ስለ ትዕግሥቴ አመስግነው፣ የቅናሽ ኩፖን ላኩልኝ። ለሚቀጥለው ዓመት! ያውም ቀድሜ ካደስኩ ብቻ ነው የሚሠራው። ለእህቴ ስነግራት በሳቅ ሞተች።

ስለዚህ አሁን ክፍያውን በራሱ የሚያድሰውን አውቶ ሪኒው አጥፍቼዋለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ዝም ብዬ አልከፍልም፣ አዲሱ ሲስተም ወጥቶ፣ ፕሮግራሙም እሱ ላይ ሲሠራ በዓይኔ አይቼ፣ ኅዳርም ይሁን ታኅሣሥ ያኔ አድሳለሁ። ከዚያ በኋላ ዓመቱ የሚቆጠረው ከኅዳር ነው፣ መስከረም ላይ አንገናኝም። እስከዚያ ዲስኩ ላይ ሌላ ቮሊዩም፣ ማለት የተለየ ክፍል፣ ከፍቼ አዲሱን ሲስተም ለብቻው እጭናለሁ፣ አሮጌው ባለበት ይቆያል፣ ሲያስፈልገኝ ሪስታርት አድርጌ አንዱን መምረጥ ነው። ቦታ ይበላል፣ ባለ 256 ጊጋ ላፕቶፕ ያላችሁ መጀመሪያ ፎቷችሁን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ። ዳውንሎዱ ብዙ ጊጋ ስለሆነ ማታ ብታስጀምሩት ይሻላል፣ መብራት ካልሄደ ሲነጋ ያልቃል።