የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በቤዝቦል የተከላካዮች ሥራ እንዴት ይመዘገባል?

ጥያቄ፦ ልጄ በሚጫወትበት ሜዳ መዝጋቢው «6-4-3» ብሎ ሲጽፍ አየሁ። ምን ማለት ነው? (አንድ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ቁጥሮቹ በማሊያ ላይ የሚታዩት አይደሉም፤ የቦታ መለያ ናቸው። ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ኋላ ያለው ተቀባይ 2፣ የሦስቱ ቤዞች ጠባቂዎች 3፣ 4 እና 5፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6 ነው። ከ7 እስከ 9 የኋላ ሜዳው ነው። እርስዎ ያዩት ሾርትስቶፑ ለሁለተኛው ቤዝ ጠባቂ፣ ጠባቂውም ለመጀመሪያው ቤዝ ጠባቂ ወርውረው ሁለት ሰው ያስወጡበትን ቅብብል ነው። ላቀበለ አሲስት፣ ላስወጣ ፑትአውት ይጻፋል፤ መካከል ላይ ያለው ሁለቱንም ያገኛል።

ጥያቄ፦ ቀላል ኳስ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ወደቀ። ማንም ስላልነካው ስህተት አልተባለም። ተገቢ ነው? (አንዲት አድማጭ፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ የልቤን ጠየቁኝ። በእኔ እምነት ተገቢ አይደለም። ስህተትን የሚወስነው ጨዋታውን የሚከታተል ይፋዊ መዝጋቢ ነው፤ መለኪያውም ኳሱ በተለመደ ጥረት ይያዝ ነበር ወይ የሚለው ነው። ደንቡ ኳሱን መንካትን ግዴታ አያደርግም፤ በልማድ ግን እንዲህ ያለው ኳስ ለመቺው እንደ ጥሩ ምት (ሂት) ይቆጠርለታል። ጉዳቱ ወርዋሪው ላይ ይወድቃል፦ በስህተት የመጣ ነጥብ ወርዋሪው ከሚመዘንበት የነጥብ አማካይ ውጭ ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ ኳስ የመጣው ግን በስሙ ይመዘገባል።

የተከላካዮች ብቃት የሚለካበት የመከላከል መቶኛም እዚሁ ላይ ይደናቀፋል። ፑትአውትና አሲስት ተደምረው፣ ስህተት ተጨምሮበት ለሚገኘው ድምር ይካፈላሉ። የባልቲሞር ኦሪዮልሱ ተጫዋች ካል ሪፕከን በ1990 በሾርትስቶፕ 3 ስህተት ብቻ ሠርቶ .996 ማስመዝገቡ ድንቅ ነው። ነገር ግን ቀርፋፋው ተጫዋች ያልደረሰበት ኳስ ስህተት አይባልበትም፤ ሮጦ ደርሶ ከእጁ ያመለጠው ግን ሊባልበት ይችላል። ደፋርን የሚቀጣ ስሌት ብቻውን ሊታመን አይገባም። ስለዚህ ከ2015 ጀምሮ በትልቁ ሊግ ሜዳዎች ሁሉ የሚሠራው ስታትካስት የተባለ የመለኪያ ሥርዓት የኳሱን ጉዞና የተጫዋቹን ርቀት መለካቱ ትልቅ እርምጃ ነው።

ጥያቄ፦ ተቀባዩ ፑትአውት የሚበዛለት ለምንድን ነው? (አንድ ወጣት፣ ከሲያትል)

መልስ፦ በሦስት ስትራይክ (በመቺው ላይ በሚቆጠር ውርወራ) የወጣ መቺ ፑትአውቱ ለተቀባዩ ስለሚጻፍ ነው። ብዛቱ የወርዋሪውን ጉልበት ያሳያል። ተቀባዩን መመዘን ከፈለጉ፣ ቤዝ ሊሰርቁ (ኳስ ሳይመታ ሮጠው ቀጣዩን ቤዝ ሊይዙ) ከሞከሩት ስንቱን እንዳስወጣና ስንት ኳስ እንዳሳለፈ ይመልከቱ፤ ያሳለፈው ኳስ ከስህተት ተለይቶ ነው የሚመዘገበው።