ድምፅሽ ተቀይሯል?

እሺ... ዛሬ ላሰማችሁ ቃል የገባሁላችሁ ክፍል ይቆየኝ። የዶክተሯ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

ቀኝ ጆሮዬ እንደገና ቀልቶ አብጧል፤ ትራስ ሲነካው ያስጮኸኛል። እስከዛሬ ያየኝ ሁሉ ኢንፌክሽን ነው እያለ አንቲባዮቲክ ያዝልኛል። እማዬን ታውቋታላችሁ፣ "ብርድ መትቶሽ ነው" ብላ በነጠላ ትጠቀልለኛለች። ይቺኛዋ ግን የጆሮ ጌጥ የሚንጠለጠልበትን ሥጋ በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችና "እዚህ ጋስ ያምሻል?" አለችኝ። ምንም። አላበጠም፣ አልቀላም። "አየሽ፣ እዚህ ጋ ካርቲሌጅ፣ ማለት ለስላሳው አጥንት፣ የለም። የቆዳ ኢንፌክሽን ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይሄንንም አይምረውም።"

ሪላፕሲንግ ፖሊኮንድራይተስ ነው አለችኝ። የሰውነት መከላከያ የራሱን ካርቲሌጅ ጠላት ነው ብሎ ይነሳበታል። ጆሮ፣ አፍንጫ፣ መገጣጠሚያ፣ የአየር ቧንቧ። ዓይንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1923 ፕራግ ላይ ያክሽ-ዋርተንሆርስት የሚባል ሐኪም ጻፈው፤ የአሁኑን ስም ያገኘው ግን በ1960 ነው። ከዚያ በፊት የታመሙትን ሰዎች ማን ምን አላቸው? ይሄን ሳስብ ያናድደኛል። እሺ ይለፍ።

ከዚያ ቀና ብላ "ድምፅሽ ተቀይሯል?" አለችኝ። እንዲሁ፣ ረጋ ብላ። እኔ ዝም። ስለ አፍንጫዬ ስትጠይቀኝ ቶሎ ቶሎ ስመልስ የነበርኩት ሴትዮ፣ እዚህ ጋ ዝም። ማንቁርትም ካርቲሌጅ ነው ለካ። ድምፄ እኮ... ሥራዬም እናንተም በሱ ነው ያላችሁት።

ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ጀምሬያለሁ። እብጠቱ ቶሎ ጎደለ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ ግን የለም፣ ረሃቡም አይጣል ነው፤ ስኳሬንም መከታተል አለብኝ። ደግሞ በድንገት አይቆምም፣ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስለሚያቆም ቀስ እያሉ ነው የሚቀንሱት። ለመቀነስ እንዲያግዝ ሜቶትሬክሴት የሚባል የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ተጨምሮልኛል። በሳምንት አንዴ ነው፣ በየቀኑ አይደለም፤ የምትወስዱ ካላችሁ አደራ፣ ይሄን አትሳሳቱ። ለዚህ በሽታ ብቻ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም፤ ሁሉም ከሌላ በሽታ የተዋሰ ነው።

አሁን ሲቲ ስካን ቀጠሮ አለኝ። አየር ስቤ አንዴ፣ አስወጥቼ አንዴ። የላላ የአየር ቧንቧ የሚከደነው አየር ሲያስወጡ ነው አሉ።

ትናንት ሌሊት የድሮ ክፍሎችን ከፍቼ ሳዳምጥ ነበር። ትንሽ የሻከረ መሰለኝ። ወይ ማይኩ ነው። ከመጀመሪያ ጀምሮ የምትሰሙኝ፣ ልዩነት ካለ ጻፉልኝ። አይ፣ አሁን አትጻፉ፣ ውጤቱ ይምጣ። ወይ... ጻፉልኝ መሰለኝ። አላውቅም እኔ እንጃ...