ጨጓራና ጉበት ይዞ ረመዳንን መጾም፦ የሐኪሙ መልስ ለአድማጮች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጨጓራ አለብኝ። ልጹም ወይስ ልተው? የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልንስ መቼ ልዋጥ?

መልስ፦ «ጨጓራ» ስንል ብዙ ሕመም በአንድ ስም እየጠራን ነው። ቃር ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው ይጾማል። መድኃኒቱን ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይዋጡት፤ ከበሉ በኋላ ቢውጡት ጉልበቱ ይቀንሳል። ቃርን የሚያብሰው ጾሙ ሳይሆን ሆድን ሞልቶ ወዲያው መተኛት ነው። ያልዳነ ቁስለት ካለብዎት ግን ሕክምናውን እስኪጨርሱ አይጹሙ። ራስ ምታት ያዘኝ ብለው ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ሁለቱም ጨጓራን ያቆስላሉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ማፍጠሪያ ሰዓት ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ የሚሞላበት ሕመም) አለባት፤ ሆዷም ውኃ ይቋጥራል። አትጹሚ ብንላት እሺ አላለችም።

መልስ፦ እናትዎ መጾም የለባቸውም። ጉበት የስኳር ጎተራ ነው፤ እኛ ሳንበላ ስንውል ከዚያ እየሰፈረ ይሰጠናል። በሲሮሲስ የተጠቃ ጉበት ጎተራው ባዶ ነው። ሌሊቱን ብቻ ሳይበሉ ማደር ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን የመራብ ያህል ይጎዳቸዋል፤ ሰውነታቸው የገዛ ጡንቻውን መብላት ይጀምራል። እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ከመኝታ በፊት ቀለል ያለ ነገር ቅመሱ የምንለው ለዚህ ነው። ውኃውን ለመቀነስ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ጥማቱ ኩላሊታቸውን ሊያደክም ይችላል። ሰውነት ሲደርቅና ሆድ ሲደርቅ ደግሞ ጉበት ማጣራት ያቃተው መርዝ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ቀን እያንቀላፉ ሌሊት ከነቁ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

ማሳመኑ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ሃይማኖት አላስተምርም፤ ነገር ግን ቁርኣን ራሱ በአል-በቀራ ምዕራፍ ለበሽተኛና ለመንገደኛ ፈቅዷል። ቀኑን መክፈል ለማይችል ደግሞ ድሃ የማብላት ፊድያ አለ። ልጆች ከምትከራከሯቸው ኢማሙን ቤት ጥሩላቸው። «ሐኪሙ ከልክሏል» ከሚለው ቃል ይልቅ የኢማሙ «ተፈቅዶልዎታል» ሲሠራ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ፤ የጉበት ምርመራዬ ደህና ነው ተብያለሁ።

መልስ፦ ጉበትዎ ላይ ጠባሳ ከሌለ ይጹሙ። ቫይረሱን የሚያፍነውን ቴኖፎቪር የሚወስዱ ከሆነ በቀን አንዴ ስለሆነ በየዕለቱ ከኢፍጣር ጋር ያድርጉት። ለጾም ብለው ግን አያቋርጡት፤ ታፍኖ የነበረው ቫይረስ ተመልሶ ጉበትን ክፉኛ ሊያስቆጣ ይችላል።